የፀሐይ ኃይልና በቤት ውስጥ ቢትኮይን ማውጣት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ርእስ ላይ እንድናገር ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ስለ ገንዘብ መናገር ሙያዬ አይደለም፤ ስለማይጨበጥ ገንዘብ መናገር ደግሞ ይብሱን አይደለም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሠርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆኔን ሲያውቅ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዐይነት ሆኗል። «ጣሪያዬ ላይ ሶላር ብተክል ቢትኮይን ማውጣት አልችልምን? ፀሐይዋ እንደሆነች በነጻ ናት» ይለኛል። ከእናንተም መካከል ይህን ያልተጠየቀ የሚኖር አይመስለኝም። የጥያቄው መልስ በባንክ ሊቃውንት ዘንድ ሳይሆን በእኛው ሙያ ውስጥ፣ ተማሪ ሳለን በመጀመሪያው ዓመት በተማርነው ነገር ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም በኪሎዋትና በኪሎዋት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በቅድሚያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። በተለምዶ «ማይኒንግ» ይባል እንጂ የሚቆፈር ነገር የለም። ማሽኑ የሚያውቀው ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለውን አንድ ስሌት ብቻ ነው። ቁጥር ይወስዳል፣ ይፈጫል፣ ውጤቱ ከተወሰነው ልክ በታች ካልወረደ ይጥለውና ሌላ ይወስዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው አንትማይነር ኤስ 19 የተባለው ማሽን ይህን በሴኮንድ 95 ትሪሊዮን ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ለዚህም 3,250 ዋት ይወስዳል። በዓለም ላይ ካሉት ማሽኖች ሁሉ በየዐሥር ደቂቃው ገደማ አንዱ ዕጣው ይደርሰዋል። ሥራው ጥር 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሽልማቱ 50 ቢትኮይን ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየተቀነሰ ሄዶ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.125 ሆኗል። በቀን ተደምሮ ለመላው ዓለም የሚታደለው 450 ቢትኮይን ያህል ነው።

ብዙ ሰው የማይገነዘበው ነጥብ ከዚህ ይቀጥላል። ማሽኖች በበዙ ቁጥር የሚወጣው ቢትኮይን አይበዛም። በየ2,016ቱ ሽልማት፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ሥርዓቱ ራሱ የዕጣውን ክብደት እንደ ማሽኖቹ ብዛት ያስተካክለዋል። ስለዚህ ይህ ሥራ እንደ እርሻ አይደለም፤ ፀሐይ ስለበረታች ምርቱ አይጨምርም። ድርሻችንን የሚወስነው ሌላው ሰው የገዛው ማሽን ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጸው የዓለም ማሽኖች ጠቅላላ ፍጥነት 1,000 ኤክሳሀሽን አልፏል፤ ይህም በሴኮንድ አንድ ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት ማለት ነው። አንድ ኤስ 19 በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ከዐሥር ሚሊዮን ተኩል አንድ እጅ ነው። ባለቤቱ ከሌሎች ጋር ተቧድኖ ሽልማቱን በየድርሻው ቢካፈል፣ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ውሎ ቢያድር የሚደርሰው 0.000043 ቢትኮይን ያህል ይሆናል። አንዱን ቢትኮይን በ100 ሺህ ዶላር ብናስበው 4 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። የበላው ኃይል ደግሞ 78 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ማሽኑ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በአምስት ሳንቲም ተኩል ይገዛናል ማለት ነው። ይህችን አምስት ሳንቲም ተኩል በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእርስዋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቤተሰብ ልግባ። የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ይኖራል። ጣሪያው ላይ 8 ኪሎዋት ፓኔል አስተክሏል። በዚያ ክፍለ ሀገር ቀድሞ የነበረው ደንብ ለባለ ፓኔሎች እጅግ የተመቸ ነበር፤ ቀን ወደ መስመር የላኩትን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሌሊት ከወሰዱት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ጋር ያካክሱት ነበር። ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ ባመለከቱት ላይ ግን የተላከው ኃይል ዋጋ በአማካይ በ75 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። የእኅቴ ልጅ ያስተከለው ከዚህ በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተረፈውን በአምስት ሳንቲም ያህል ይሰጣል፤ ማታ የሚፈልገውን በ35 ሳንቲም ይገዛል። ይህ አንገበገበው፤ መንገብገቡም አይፈረድበትም። ከዚያም አንድ ቀን ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ፓኔሌ 8 ኪሎዋት ነው፤ ማሽኑ የሚወስደው 3 ከሩብ ብቻ ነው፤ ከእጥፍ በላይ ይተርፈኛል፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በሚገባ አልመለስኩለትም። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ «ሰዓቱን አስብበት» ብዬ ዘጋሁት። እርሱ «ሰዓቱን» ያልኩትን ስለ ጊዜው ልዩነት የተናገርኩ መስሎት ኖሯል። ያገለገለ ኤስ 19 ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አቆመና ሌት ተቀን ለቀቀው። በጥቅምት ወር ፓኔሉ በቀን የሚሰጠው 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያም ቤቱ የሚጠቀምበት ተቀንሶ፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸከም ትርፍ የሚገኘው ለአምስት ሰዓት ያህል፣ 16 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። የቀሩትን 62 ኪሎዋት ሰዓት ማሽኑ ከመስመር በ35 ሳንቲም ሲጠጣ ከረመ። በቀን 21 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይከፍላል፤ 4 ዶላር ከ30 ያገኛል። የወሩ ሒሳብ ሲደርሰው ከወትሮው በ650 ዶላር በልጦ አገኘው። ያን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። የእኔ ጥፋት ከእርሱ ጥፋት እንደሚበልጥ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ኪሎዋትን ከኪሎዋት ሰዓት የመለየት ግዴታ ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

«ታዲያ ከመስመር ለምን ይገዛል? ባትሪ አይተክልምን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ይህንኑ ማሽን ወደ አዲስ አበባ አምጥተን ከመስመር ሙሉ በሙሉ ነጥለን እናስበው። የከተማችንን ፀሐይ በአማካይ የቀን አምስት ሙሉ ሰዓት አድርገን ብንወስድ፣ በኢንቨርተር፣ በሽቦ፣ በአቧራና በባትሪ የሚጠፋውን ሩብ ያህል ብንቆጥር፣ 78 ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት 21 ኪሎዋት ያህል ፓኔል ያስፈልጋል። ባለ 550 ዋቱን ብንገዛ 38 ይሆናል፤ የሚይዘውም ቦታ ወደ 100 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ባትሪው ለአንድ ሌሊት ብቻ 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊሆን ነው። በኪሎዋት ሰዓት 200 ዶላር ብቻ ብለን ብንገምት ባትሪው ብቻውን 14 ሺህ ዶላር ይፈጃል፤ ይህም ማሽኑ ያለ ምንም ወጪ በዘጠኝ ዓመት የሚያስገባው ነው። የሐምሌና የነሐሴን ደመና ገና አልቆጠርኩም። የክረምቱን የሚችል እናድርገው ካልን መጠኑ ከዚህም ያልፋል።

ማሽኑስ ዘጠኝ ዓመት ይኖራልን? አይሰበር ይሆናል፤ ግን ያረጃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ 9 ለአንድ ትሪሊዮን ስሌት 98 ጁል ያህል ይወስድ ነበር፤ ኤስ 19 ወደ 34 አወረደው፤ ከዚያ የተከተለው ኤስ 21 በ17 ተኩል ይሠራዋል። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ በግማሽና ከዚያም በላይ የሚያረጅን ዕቃ ሀያ አምስት ዓመት ከሚያገለግል ፓኔል ጋር ነው የምናጋባው። ከዚህም የባሰ አለ። በቤታቸው የምስል ማቀናበሪያ ካርዶችን ደርድረው ኢቴሪየም ያወጡ የነበሩት ሰዎች መስከረም 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱ ከእንዲህ ያለው ስሌት በአንድ ቀን ሲወጣ ካርዶቻቸውን እንደ ታቀፉ ቀሩ። ፀሐይዋ በማግስቱም ወጥታለች፤ ሥራው ግን አልነበረም።

ቀን ብቻ ይሥራ ለሚሉት ደግሞ፣ ከ24 ሰዓት አምስቱን መሥራት ማለት ገቢውን ወደ 90 ሳንቲም ማውረድ ነው፤ ዕርጅናው ግን ሌሊት አያርፍም። በየቀኑ መሞቅና መቀዝቀዝ ለብየዳዎቹ እንደማይበጅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ደመና ባለፈ ቁጥር እንዳይጠፋ ፍጥነቱን ከፀሐይ ጋር ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ፕሮግራም መጫን ይቻላል፤ ማሽኑ ዝግ ሲል የዋት ፍጆታው ከስሌቱ ይልቅ ስለሚቀንስ በዚህ በኩል ጥቅም አለው። ይህ የሚያስመሰግን የምሕንድስና ሥራ ነው፤ አምስት ሳንቲም ተኩልን ግን ዐሥራ አምስት አያደርጋትም።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልበል። የገባው 3,250 ዋት አንድም ሳይቀር ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ማሽኑን ሳሎን ውስጥ ማቆም አንድ የእንጀራ ምጣድ ለኩሶ እንደ መተው ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ማራገቢያው ብዙ አየር መግፋት አለበት። ጩኸቱን ጎረቤት ይንገራችሁ።

ይህን ሁሉ ስል በዚህ ማሽን ላይ ጥላቻ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ በፈለግነው ደቂቃ ብናጠፋው የማይቀየም ተጠቃሚ ነው። ግሪድለስ የተባለው ድርጅት በኬንያ፣ በማላዊና በዛምቢያ ገጠሮች ካሉ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ጎን ማሽኖቹን እየተከለ፣ መንደሩ ያልተጠቀመበትንና ያለበለዚያ በከንቱ የሚፈሰውን ኃይል ይገዛል፤ የመንደሩ ፍላጎት ሲጨምር ይቀንሳል። ሌላ ገዢ ለሌለው ኃይል ትንሽ ሳንቲምም ገቢ ናት። ጥያቄው እንግዲህ ኃይላችን በእርግጥ ሌላ ገዢ የለውም ወይ የሚል ነው። በአገራችን ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት አላገኘም። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ሌሊት ማረፍ የሚችል፣ 3 ኪሎዋት የሚበቃው ሥራ ፈልጉ ብባል እኔ በመጀመሪያ የማስበው የመስኖ ፓምፕን ነው፤ ቀጥሎ አነስተኛ ወፍጮን። ውሃው በገንዳ ይጠራቀማል፣ ዱቄቱ በጆንያ ያድራል፤ ባትሪ አያሻቸውም። አንድ ቤተሰብ ማገዶ ወይም ናፍጣ ለመተካት ለኪሎዋት ሰዓቱ የሚከፍለው ከአምስት ሳንቲም ተኩል የሚያንስበት ቦታ አላየሁም።

በአገራችን ሥራው የገባው በሌላ በር መሆኑን ታውቃላችሁ። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ በዚያው ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በሥራው የተሰማሩት እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። ከዚያም ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር እየተዋዋሉ በማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ማሽኖቻቸውን ተከሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ለአዲስ ጠያቂዎች የሚሰጥ ኃይል እንደሌለ ተነገረ። የእነርሱ ሒሳብ የቆመው በርካሽ የውሃ ኃይልና በ24 ሰዓት ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ዐሥር ፓኔል ያለው ሰው የሚወዳደረው ከእነርሱ ጋር ነው፤ ዕጣው አንድ ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለ ንድፍ እንድንሠራ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ፣ የሽቦውን ውፍረት ከማስላታችን በፊት ይህን ወረቀት ላይ ጽፈን ልናሳየው ይገባል እላለሁ። ክፍያ ተቀብለን ዝም ብንል የሚያማርረን አይኖርም፤ ሥራው እኮ በቴክኒክ ረገድ አይወድቅም፤ ማሽኑ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል።

የእኅቴ ልጅ በመጨረሻ ያደረገውን ልንገራችሁ። በስልክ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን አሰላን። ማሽኑን ቀን ብቻ ቢያሠራው 16ቱን ኪሎዋት ሰዓት በ88 ሳንቲም ይገዛዋል፤ መስመሩ ደግሞ ያንኑ በ80 ሳንቲም ይወስድለታል። ልዩነቱ በቀን 8 ሳንቲም ሆነ። ቤቱ ማታ የሚበላው 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእኩለ ቀኑን ትርፍ በባትሪ አቆይቶ ማታ ለቤቱ ቢጠቀምበት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 30 ሳንቲም ያተርፍለታል፤ በቀን ወደ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው። ይኸውም ማሽኑ ሌት ተቀን ጮኾ ከሚያስገባው ጋር የሚስተካከል ነው። ባትሪውም ያስወጣል፤ ሆኖም ዓመታትን ይዘልቃል፤ የሌላ ሰው ማሽን በመግዛቱም ዋጋው አይወርድበትም። አስተከለው። «ማሽኑንስ ምን ላድርገው፣ ጋሼ?» ቢለኝ፣ ለሸጠለት ሰው መልሶ እንዲሸጥለት መከርኩት። ሰውየው ግማሽ ዋጋም አልሰጥም አለው አሉ፤ እስከ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ነው።