ስለ ውኃ ቀለም ሥዕላችንና ስለ እማማ በር

(ከዚህ በታች የተጻፈው በየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



በዛሬው ዕለት ስለ ውኃ ቀለም ሥዕል እንድንናገር የታዘዝነው ሥዕል ዐዋቂዎች ስለሆንን አይደለም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልን። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ ቤት እየተሰበሰብን የምንሞካክር አራት ሰዎች ነን፤ አንድ ጡረተኛ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛና የማኅበሩ ጸሐፊ። እንድንናገር የተፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ማኅበሩ ለወረቀትና ለቀለም የሰጠን ብር የት እንደገባ ማስረዳት ስላለብን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእማማ ሥዕል ነገር ነው፤ እሱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ አንዳንዱም ሳይጨምርበት አልቀረም፤ ስለዚህ ከእኛው ከራሳችን አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከልጆቻችን አንዷ ትምህርት ቤት ስትጨርስ የተረፋትን አሥራ ሁለት ቀለም ያለበት ሣጥን ወስደን፣ በተራ የሥዕል ደብተር ወረቀት ላይ እንጦጦን ልንሥል ተነሣን። ወረቀቱ ውኃ ሲነካው ተነፋፋ፣ እዚህ ተራራ እዚያ ሸለቆ ሠራ። ቀለሙም ወደ ሸለቆው እየፈሰሰ ኩሬ ሆኖ ቀረ። ጡረተኛው ጓደኛችን አይተው «ይኼ እንጦጦ ሳይሆን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኋላ አንድ የሥዕል መምህር የሆነ የሰፈራችን ልጅ እንዳሳየን፣ ስስ ወረቀት አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ በኮምፔንሳቶ ላይ ተዘርግቶ፣ ዳር ዳሩ ባለ ሙጫ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያርሱት አይሞገድም። ወፍራሙ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ይህን ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ትምህርታችን ነጩ ነበር። በውኃ ቀለም ነጭ የሚባለው ወረቀቱ ራሱ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ነጠላ የለበሰች ሴት ለመሣል ስንት ቅዳሜ ነጭ ቀለም ስንለቀልቅ ከረምን፤ የወጣው እንደ አመድ ያለ ነገር ነው። ለካ ነጠላውን ለመሣል ነጠላውን መተው ነው የሚያስፈልገው! ዙሪያውን ጥላውን ብቻ ቀብቶ፣ ወረቀቱን አለመንካት። ከብርሃኑ ጀምሮ ወደ ጨለማው መሄድ እንጂ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ደግሞም ርጥብ ሳለ ያማረው ቀለም ሲደርቅ ይፈዛል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው ጠንከር አድርጎ መበጥበጥና በቁራጭ ወረቀት ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ሙከራ ካልን ዘንድ፣ ብዙ ሞክረናል። አገራችን ደጋ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ቀብተን ሳንጨርስ መነሻው ይደርቃል፣ መሐሉ ላይ እንደ ቡና ሲኒ ዱካ ያለ መስመር ይቀራል። ማር ቀለምን ቶቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል ስለተባለ ጥቂት ማር ጨመርን። በበጋ በእርግጥ ረዳን። ክረምት ሲገባ ግን ሥዕሉ ሦስት ቀን ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር፣ ጉንዳንም መጣበት። ጨው ደግሞ ርጥብ ቀለም ላይ ሲበተን ቀለሙን ወደ ራሱ ስቦ፣ ሲደርቅና ሲራገፍ ኮከብ የመሰለ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ለበረዶ ዝናብ ጥሩ ነው። በጧፍ ጫፍ ወረቀቱን ብንሰነጥረው ሰሙ ውኃ አያስገባምና የዝናብ መስመር ይወጣዋል። ይህን ባወቅን ሰሞን ያለ ዝናብ የሣልነው ሥዕል የለም፤ ልብስ ሰፊዋ «ኧረ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ይውጣልን» እስክትል ድረስ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከታችኛው ቧንቧ አጠገብ፣ ቢጫ በር ባላት ጭቃ ቤት ውስጥ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ባለቤታቸውን ቀብረው የኖሩ እናታችን ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ቤቲቱ ለመንገድ ሥራ እንደምትፈርስ ሲታወቅ፣ እሳቸውም ወደ ኮንዶሚኒየም ሊዛወሩ ሲሉ፣ ወደ ዕድሩ ቤት መጥተው «ልጆቼ፣ በሬን ሣሉልኝ፤ ጽጌረዳዬንም» አሉን። አራታችንም በሚያዝያ ወር ሦስት እሑድ ከቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠን ሣልን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ አልወጣልንም። ቢጫው በር፣ በአጥሩ ላይ የወጣው ሮዝ ጽጌረዳ፣ ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው ይቀመጡባት የነበረችው በርጩማ። እማማ አይተው ዝም አሉ። ቆይተው «እሱ ብቻ ነው የጎደለው» አሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቤታቸው እስኪደላደል ሥዕሉ በእኛ ዘንድ ይቆይ ተባለ። እኛም ኮራን። መስታወት አስገብተን፣ በዕድሩ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ገቢ ወጪው ሁሉ እንዲያየው ሰቀልነው። የጠዋት ፀሐይ በየቀኑ ሲያርፍበት «እንዴት ያበራል!» እንል ነበር። በየቀኑ ስለምናየው ለውጡ አልታየንም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. እማማ ሊወስዱት መጡ። ቆመው አዩት። «ይኼ የማን ቤት ነው?» አሉ። የሚቀልዱ መስሎን ሳቅን። ቀርበን ስናየው ጽጌረዳው የለም፤ የነበረበት ቦታ የቆሸሸ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል። ቢጫው በር ገርጥቶ ከግድግዳው አይለይም። ከክፈፉ ሲወጣ ደግሞ የባሰውን አየን፤ ክፈፉ ሸፍኖት የኖረው የጣት ስፋት ያህል ዳር ቀለሙ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። እማማ ያንን ዳር በጣታቸው እየዳሰሱ «ቤቱንስ እሺ፣ መንገድ ነው። ይኼንን ምን አፈረሰው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ሥዕሉን ሳይወስዱት ሄዱ።

ይህን ለአንድ ሸማኔ ጋሼ ብንነግራቸው ተቆጡን። «እኛ የጥለት ክር ስንገዛ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን ነው። የሚለቅ ከሆነ እንመልሳለን። እናንተ ቀለሙን ሳትፈትኑ ነው እንዴ የሰው ቤት የምትሥሉት?» አሉ። ሽሮ ሜዳ ተቀምጠን ይህን አለማሰባችን ያሳፍራል።

ስለዚህ ፈተንን። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ያለንን ቀለም ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተን፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነን፣ ግማሹን ገልጠን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጠፍን። ከገበያ የገዛነው ብቻ ሳይሆን ከጓዳ ያገኘነውንም አብረን ሞከርን፤ እርድ፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ጥላሸት፣ ቀይ አፈር። እርዱ እንዲያ ያማረው ቢጫ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። በርበሬው ተከተለው። ከሣጥኑ ውስጥ ያለው ሮዝ፣ ያው የጽጌረዳችን ቀለም፣ አንድ ወር ሳይሞላው ገረጣ። ቡናው ሳሳ። ጥላሸቱና ቀይ አፈሩ ግን በጥር ወር ካርቶኑን ስናነሣ የተሸፈነውና የተገለጠው አይለይም ነበር። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጁት የነበረው ለካ በዋዛ አይደለም።

የሥዕል መምህሩ እንዳነበበልን፣ ይህ ፈተና አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዞች ከኛ በፊት አድርገውታል። አብኒና ራስል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለመንግሥታቸው የውኃ ቀለሞችን በፀሐይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1888 ዘገባ አውጥተዋል፤ ብርሃን ብቻ ሳይሆን እርጥበት ሲጨመርበት እንደሚብስም አይተዋል። ተርነር የሚባለው ስመ ጥሩ ሠዓሊያቸው (1775-1851) ራሱ በሚገረጣ ቀይ ይሠራ ስለነበር ብዙ ሥዕሉ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሄንሪ ቮን የተባለ ሰው 38 የተርነር የውኃ ቀለም ሥዕሎችን ለኤዲንብራ ቤተ ሥዕል ሲያወርስ፣ ሕዝብ እንዲያያቸው የፈቀደው ብርሃን በሚደክምበት በፈረንጆች ጥር ወር ብቻ ነው። እኛም አገር አባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖት ሥዕሉ ደማቅ ነው ይባላል፤ መጽሐፍ ነውና ተዘግቶ ኖሯል።

ይህን ስንሰማ እኛም ብልሃት ያገኘን መሰለን። በእኛ አገር ጥር ጠራራ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ሰቅሎ፣ ሌላውን ጊዜ በሣጥን ማስቀመጥ ነው ብለን ለእማማ ሄደን ነገርናቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ቤቴን ሣጥን ውስጥ ልትከቱብኝ ነው? እኔ ቡና ስጠጣ የማየው ነው የምፈልገው» አሉ። ልክ ናቸው። የኤዲንብራው ለትውልድ ነው፣ የእማማ ግን ለዛሬ ቡና ነው።

ስለዚህ እንደገና በሚጸና ቀለም እንድንሠራው ወሰንን። ቀይ አፈር ከእንጦጦ ግርጌ አምጥተን፣ በውኃ በጥብጠን፣ አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ እያንቆረቆርን፣ የመጨረሻውን ልሙን አደረቅን። ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው፤ ፈረንጆቹም በብዛት ከጎረቤታችን ከሱዳን ነው የሚገዙት። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ አሳድረን፣ በነጠላ ቁራጭ አጠለልነው። ሙጫው ሲያንስ ቀለሙ ደርቆ በጣት ይራገፋል፣ ሲበዛ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ሻገተብን፤ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ብንጥልበት ሽታውም አማረ፣ ሻጋታውም ቀረ።

በሩ ግን ከቀይ አፈር አይወጣም፣ ጽጌረዳውም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ብሩ የገባው። በደህና ቀለም ጉሮሮ ላይ ከስሙ ሌላ በፈረንጅ ፊደልና በቁጥር የተጻፈ ምልክት አለ። ፒ አር 83 የሚል ካያችሁ የሚገረጣ ቀይ ነው፣ ተዉት። ፒ ቪ 19 የሚለው ሮዝ ይጸናል። ፒ ዋይ 43 ደግሞ የአፈር ቢጫ ነው፤ አይለቅም። የእኛ የልጆች ሣጥን ምንም ምልክት አልነበረውም። ማኅበሩ የሰጠን 4,000 ብር እነዚህን ሁለት ቀለሞችና ሦስት ወፍራም ወረቀት ገዝቶ 260 ብር ተርፏል፤ ደረሰኙ በሰነዱ ውስጥ አለ። «አውራ ጣት ለምታህል ቀለም ይህን ያህል?» ያላችሁ አባላት አልተሳሳታችሁም፤ ውድ ነው። በዚያ ርካሽ ሣጥን ግን የሰው በር አጥፍተናል።

አሁን ያለንበትን እንንገራችሁ። ቤቲቱ የለችም። በእጃችን ያለው ያ የደበዘዘ ሥዕል፣ የዳሩ ቁራጭ ቀለምና ልብስ ሰፊዋ ያኔ በእርሳስ የነደፈቻት አንዲት ወረቀት ናት። የአፈሩ ቢጫ እንደ ድሮው በር አያበራም፤ እማማም አይተው «በሬ ትንሽ አርጅቷል» ብለዋል፤ ጽጌረዳውን ግን አልነቀፉም። በርጩማዋ ገና ናት። እግሯ ሦስት ይሁን አራት አራታችንም ተከራክረን አልተስማማንም፤ እማማ ደግሞ «እናንተ አታውቋትም፣ ዝም ብላችሁ ሣሉ» ይሉናል። በዚያች በርጩማ ላይ የተቀመጠ ወይም ፎቶ ግራፍ ያለው ሰው ካለ ይርዳን።

በመጨረሻም፣ ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ለልደት፣ ለሠርግና ለሐዘን የሰጠናችሁ አሥራ አራት ሥዕሎች በዚያው ሣጥን የተሠሩ ናቸው። እባካችሁ ከመስኮት ፊት ለፊት የሰቀላችሁ አውርዱት፤ መስታወቱ አያድነውም። ጨለም ወዳለው ግድግዳ፣ ከምድጃ እንፋሎትም ራቅ አድርጉት። የገረጣባችሁ ካለም አትፈሩን፣ ይዛችሁ ኑ። የዕድሩ ቤት ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ቁልፉም በእኛ ዘንድ ነው።