ልብ ስለ ማለት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ሲፈቀድልኝ፣ ስለ ኢሉባቦር ቡና ወይም ስለ ሶር ፏፏቴ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ዝም ብሎ ስለ መቀመጥ ነው። ስለ ዝምታ ብዙ መናገር ነገሩን ማፍረስ ስለ ሆነ ንግግሬን አሳጥራለሁ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ፈተና ላይ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ሁሉ ከአሳቤ ጠፋ። ልቤ ይመታል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈተና በደረሰ ቍጥር እንቅልፍ የማጣ ሆንሁ። ይኸንን ያዩ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ጎረቤታችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው ከሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ጋር እንድቀመጥ ጠሩኝ። እነርሱም አንድ የቡና ነጋዴ፣ አንዲት መምህርት፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናትና አንድ ተማሪ ነበሩ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ወንጌላዊውም አለበት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ መከታተል፣ ከአንድ እስከ ዐሥር መቍጠር፤ አሳብ ሲሸሽም ሳይቈጡ ወደ አንድ መመለስ ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ ከአራት አላለፍሁም። አራት ስል ልቤ ገበያ ወርዷል፣ ከወንድሜም ጋር ተጣልቶ ተመልሷል። ባለቤቲቱ ግን፣ «አይዞህ ልጄ፤ መሸሹን ማወቅህ መመለስህ ነው» አሉኝ። ሲያበቃ ቡና ይፈላል፤ አቦሉም የሚጠጣው በጸጥታ ነው።

እናቴ ይህ ልምድ ከቡድሃ ሃይማኖት የመጣ መሆኑን በሰማች ጊዜ ግን ደነገጠች። «ልጄ፣ የማንን አምላክ ልትለምን ነው የምትሄደው?» አለችኝ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝና ጥያቄዋ ልቤን ወጋው። መልስ ስላልነበረኝ ማንበብ ጀመርሁ።

ያገኘሁትም ይህ ነው። ከ2,400 ዓመት በፊት ገደማ በሰሜን ህንድ ምድር ያስተማረው ቡድሃ፣ ራሱን አምላክ ነኝ አላለም። ትንፋሽን መከታተል ከትምህርቶቹ አንዱ ነው። ተከታዮቹ በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ይሉታል፤ ትርጕሙም ማስታወስ፣ ልብ ማለት ነው። መምህሮቻችን በየቀኑ «ልብ በሉ!» ሲሉን የኖሩት ይኸንኑ አይደለምን?

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የቡድሃ ታሪክ ወደ አገራችን የገባው ዛሬ አለመሆኑ ነው። ከየመን መጥተው በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም. «በረላምና ይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። በመጽሐፉ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጁ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ ይደብቀዋል፤ ልጁ ግን አይቶ ዙፋኑን ይተዋል። ታሪኩ ከአገር ወደ አገር ሲተረጐም የክርስቲያን ታሪክ ሆነ እንጂ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው። ይዋስፍ የሚለውም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን እንግዳ በሩቅ አላባረሩትም።

በ1979 ዓ.ም. ደግሞ፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይኸንኑ ልምድ ሕመምና ጭንቀት ላለባቸው ሰዎች ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ የሚወስደው ስምንት ሳምንት ነው። ይሁን እንጂ ለቡድሃ ተከታዮች ነገሩ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ከቀና ንግግርና ከቀና ሥራ ጋር የተያያዘ የሕይወት መንገድ ነው። የተዋሰ ሰው የባለቤቱን ስም መጥራት ስለሚገባው ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ለእናቴም ይህን ሁሉ ነገርኋት። ለምንም ምስል እንደማልሰግድ፣ ቅዳሜም ከመሄዴ በፊት ከእርስዋ ጋር እንደምጸልይ ተስማማን። ጌታችንም ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ለብቻው ሄዶ ይጸልይ እንደ ነበረ አስታወስኋት። ፈጽሞ ልቧ አላረፈም፤ «ኦብሲ፣ ታገሥ፤ እኔም እያየሁ ነው» ትለኛለች።

ምን አተረፍህ ብትሉኝ፣ ከክፍሌ አንደኛ አልወጣሁም፤ ፈተናንም ዛሬ ድረስ እፈራለሁ። ነገር ግን አንድ ማታ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አባቴ ስለ ቡናው ያወራ ነበር። ለብዙ ዓመት መጽሐፌን እያየሁ «እሺ አባባ» ከማለት በቀር ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ማታ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ሰማሁት። ለትምህርቴ ብሎ ላሟን እንደ ሸጠ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ነበር አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈተና ወረቀት ሲሰጠን፣ ከመጻፋችን በፊት ሦስት ጊዜ በቀስታ እንተንፍስ። ከዚህም ይልቅ ማታ ወደ ቤት ስንገባ ወላጆቻችን የሚሉንን ልብ ብለን እንስማ። ይህን ለማድረግ ሃይማኖት መለወጥ አያስፈልግም፤ ልብን ካለበት መጥራት ብቻ ይበቃል።