ልጆቻችንና የፖሊሲ ሥራ ልምምድ
(በሎስ አንጀለስ ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ እያሉ ወይም እንደተመረቁ በመንግሥት ቢሮዎች ስለሚያገኙት ኢንተርንሺፕና ፌሎሽፕ ነው።

እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ነው። የመኪና ማቆሚያውና የቤት ኪራዩ ደንብም የሚወጣው ከዚያው ነው። የምክር ቤት አባል ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብለት ብዙ ጊዜ ወጣት ረዳት ነው። ያ ወጣት ሰፈራችንን የሚያውቅ ቢሆን ምንኛ በጠቀመን!

ዕድሉ አለ። ሳክራሜንቶ ውስጥ «ካፒታል ፌሎስ» የተባለው ፕሮግራም በየዓመቱ ለካሊፎርኒያ አሰምብሊ 18፣ ለሴኔቱም 18 ተመራቂዎችን ይቀበላል። ክፍያና የጤና መድን አለው፤ የተመረቁበት የትምህርት ዓይነትም አይገድብም። ሦስተኛ ዓመታቸውን ለሚጨርሱ ተማሪዎች ደግሞ «ፒፒአይኤ» በክረምቱ ዕረፍት እንደ በርክሊ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የፖሊሲ ሥልጠና ይሰጣል።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለዱትን ዮሐንስ አብርሃምን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 የምርጫ ዘመቻ በአይዋ ክፍለ ግዛት ከታች ጀምረው፣ በ2022 በደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ በአሲያን፣ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነዋል።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የምንል ወላጆች ብዙ ነን። ካየነው መከራ የመጣ ፍርሃት ስለሆነ አይፈረድብንም። ነገር ግን የአውቶቡስ መስመር ማጥናት፣ የትምህርት ቤት በጀት መመርመርም የፖሊሲ ሥራ ነው። በጀት ማንበብ የለመደ ልጅ አገር ቤት ለምናሠራው ትምህርት ቤትም ይተርፋል።

ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ወጡ፤ አገራቸውንም በዚያው አወቁ።

ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ነው። ብዙ የኢንተርንሺፕ ቦታዎች አይከፍሉም፤ የሚከፍሉትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለዋሽንግተን የቤት ኪራይ አይበቃም። ክረምቱን ሠርቶ እናቱን የሚያግዝ ልጅ ቦታውን ቢያገኝም ይተወዋል። ባለጸጋ ወላጅ ያለው ይሄዳል፤ የእኛው ይቀራል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ ቢያንስ የአንድ ተማሪ የክረምት ኪራይና መጓጓዣ ይሸፍን። ሁለተኛ፣ በከተማና በካውንቲ ቢሮ የምትሠሩ አባላት የልጆቹን ማመልከቻ አንብቡላቸው፤ ለቃለ መጠይቅም አዘጋጇቸው። ሦስተኛ፣ ማመልከቻዎቹ ሥራው ከመጀመሩ ከወራት በፊት ስለሚዘጉ፣ ከእንቁጣጣሽ በዓላችን ጀምሮ ቀኖቹን ለአባላት እናሳውቅ።

ለዕድር አዋጥተን ሐዘንተኛ እናጽናናለን። ለተማሪ ማዋጣትም አያቅተንም። ወጣቶች፣ እናንተም ጠይቁን፤ አትፈሩን።