ቀድሞ ያለፈ ሰው ለተከታዩ ስላለበት ዕዳ

በኢዮቤልዩ በዓል ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር



የምናገርበት ነገር በዚህ በአሜሪካ አገር በምንኖር በብዙዎቻችን ቤት በእራት ጊዜ የሚነሣ ክርክር ነው። ይኸውም ከቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድሞ ኮሌጅ የገባው ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ዲግሪውን በተቀበለ ጊዜ ደመወዙ ከፍ ያለ ሥራ ይያዝ፥ ወይስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያህል እንደ እርሱ ያሉትን ታናናሾች በሚረዳ ትርፍ በማይሻ ማኅበር ውስጥ በጥቂት አበል ያገልግል የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት የአገሩ ሰዎች ፌሎውሺፕ ይሉታል። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካ ሕግ አባቱም እናቱም የአራቱን ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ፈጽመው ዲግሪ ያልያዙ ተማሪ የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ ይባላል። ይህ ፍች በሕጉ ውስጥ የገባው በ1980 ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል። በ1964 መንግሥቱ ድህነትን ለመዋጋት በተነሣ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ አፕዋርድ ባውንድ የተባለ ሥራ ተቋቋመ። በ1965 ታለንት ሰርች ተከተለ፤ በ1968 ደግሞ ልጆቹን ኮሌጅ ከገቡ በኋላ የሚደግፍ ሦስተኛ ተጨመረ፤ ሦስት ስለ ሆኑም ትሪዮ ተባሉ። የ1965ቱን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 8 ቀን የፈረሙት በዋሽንግተን ሳይሆን ራሳቸው በተማሩበት በቴክሳስ በሳን ማርኮስ ኮሌጅ ነበር። ከ2017 ወዲህም ያ ቀን የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪዎች ቀን ሆኖ በብዙ ኮሌጆች ይከበራል።

በእኛ መካከል ግን ከሕጉ ቃል የሚሰፋ አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ወይም በዓለማያ ተምሮ ዲግሪውን ይዞ የመጣ አባት ልጁ በሕጉ ፊት የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ አይባልም። ዳሩ ግን ያ አባት በአገሩ ሳለ ፈተናውን ካለፈ በኋላ መንግሥት መድቦት፥ መንግሥት አብልቶት የተማረ እንደ ሆነ የዚህን አገር የኮሌጅ መንገድ ከየት ያውቀዋል? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የማያውቁትንም በር ማንኳኳት አይቻልም። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ወላጅም ቢሆን ልጁን በዚህ መንገድ ሊመራው ሲነሣ እንደ እንግዳ ይሆናል።

መንገዱ ምን ያህል ጠመዝማዛ እንደ ሆነ ልግለጽላችሁ። ተማሪው በመከር ወራት ኮሌጆችን መርጦ፥ ስለ ራሱ ጽፎ፥ ከመምህራኑ የምስክርነት ደብዳቤ ለምኖ ያመለክታል። የማመልከቻውን ዋጋ መክፈል የማይችል በነጻ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚያም ፋፍሳ የሚባለውን የገንዘብ እርዳታ ቅጽ ይሞላል። ይህ ቅጽ የወላጆችን ገቢና የግብር ወረቀት ስለሚጠይቅ ልጁ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። በጸደይ ኮሌጆቹ መልስ ሲልኩ በአንዱ ደብዳቤ ላይ የማይመለሰው እርዳታና የሚመለሰው ብድር ተደባልቀው ይጻፋሉ፤ ያላወቀ ሰው ሁሉንም ስጦታ ይመስለዋል። በ2024 የትምህርት ዘመን ለድኻ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት ቢበዛ 7,395 ዶላር ነበር፤ የቀረው ከኮሌጁ፥ ከሌላ እርዳታ ወይም ከብድር መምጣት አለበት። በብዙ ኮሌጆችም እስከ ሜይ 1 ቀን ድረስ ቁርጡን መናገር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ ልጁ ዳር ደርሷል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰበት ቀን እስከ መስከረም ባለው ክረምት የመኖሪያ ቤት ውል፥ የክትባት ማስረጃ፥ የጤና መድን፥ የመመደቢያ ፈተና በየተራ ይመጣሉ። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በዕረፍት ላይ ናቸው፤ የኮሌጁ ሰዎች ገና አያውቁትም። ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንድሴ ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት መጽሐፍ ይህን የክረምት መቅለጥ ብለው ጠርተውታል፤ በእነርሱም ግምት ኮሌጅ ለመግባት ከወሰኑት ከመቶው ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት በመስከረም ሳይገኙ ይቀራሉ። ከእነዚህ የሚበዙት የድኾች ልጆች ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተቀባይነት ያገኘን ልጅ ወደ ኋላ የመለሰው የአእምሮ ጉድለት ሳይሆን ያልተመለሰ አንድ ወረቀት ነው።

ትምህርት ቤቶች መካሪ የላቸውም ወይ? የሚል ይኖራል። አላቸው። የመካሪዎቹ ማኅበር ለአንድ መካሪ 250 ተማሪ እንዲሆን ይመክራል፤ በ2022 እና በ2023 የትምህርት ዘመን ግን በመላው አገር አማካዩ ለአንድ መካሪ 385 ተማሪ ነበር። እርሱም የኮሌጅን ነገር ብቻ ሳይሆን የክፍል ድልድሉን፥ የተጣላውንና ያዘነውን ተማሪ ሁሉ ይጠብቃል። ታዲያ ለአንዱ ልጅ ስንት ሰዓት ይተርፈዋል?

ፌሎውሺፑ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በ2005 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተመራቂዎችን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስቀምጦ ተማሪዎችን የኮሌጅ መንገድ እንዲያሳዩ የሚያደርግ ሥራ ተጀመረ፤ ኋላም ኮሌጅ አድቫይዚንግ ኮር ተብሎ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተስፋፋ። አገልጋዮቹ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1989 ዲቦራ ቢያል በኒውዮርክ የመሠረተችው ፖሲ ፋውንዴሽን ተማሪዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን ወደ ኮሌጅ መላክ ጀምሮ ነበር። ለብቻ የገባ ልጅ በብቸኝነት ተሸንፎ ይመለሳልና፥ ከጓደኞቹ ጋራ የገባ ግን አንዱ ሌላውን ይደግፋል ብለው ነው። ይህን የእኛ ሰው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ አስቀድሞ ያወቀው ነው።

የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ብዙ ልምድ ካለው መካሪ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ባለ ልምዱ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ፋፍሳውን ከአባቱ ጋራ የሞላው ትናንት ነው። አባት ስለ ገቢው ለባዕድ ሰው መናገርን እንደ ነውር እንደሚቈጥረው፥ እናትም ሴት ልጇን ወደ ሩቅ ኮሌጅ ስትልክ እንደምትፈራ ያውቃል፤ በእርሱም ቤት ሆኗልና። በዲሴምበር 2023 መጨረሻ አዲሱ ፋፍሳ ዘግይቶ በተከፈተ ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ለብዙ ሳምንታት ቅጹን መፈጸም አቅቷቸው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አትፍሩ፥ ነገ ደግሞ እንሞክረዋለን የሚል ሰው በአጠገብ መኖሩ አንድ ልጅን ከኮሌጅ ከመቅረት ሊያድነው ይችላል።

አሁን ወደ ወላጆች ክርክር ልመለስ፤ ክርክሩ እውነት አለበትና መናቅ አይገባም። አባት ሌሊት ታክሲ እየነዳ፥ እናትም በአረጋውያን መጦሪያ ቆማ እየዋለች ያስተማሩት ልጅ የበኵር ተስፋቸው ነው። ታናናሾች አሉ፤ በአገር ቤትም ገንዘብ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። ይህ ልጅ ተመርቆ ሳለ የሌላውን ልጅ ሊረዳ በጥቂት አበል እሠራለሁ ሲል ወላጆቹ ቢያዝኑ ስግብግቦች ናቸው አይባልም። የቤት ኪራይ በበጎ ሥራ አይከፈልም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይጠልቃል። አገልጋዩ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይሄዳል፤ ያመኑት ተማሪዎች ሌላ አዲስ ሰው መልመድ አለባቸው። ሥራን ገና በሚማር ወጣት የድኾች ልጆች ብቻ ሲመከሩ፥ የሀብታሞቹ ልጆች ግን በገንዘብ የተቀጠረ አዋቂ ያገኛሉ። ይህ እውነት ነው። ፌሎውሺፕ የትምህርት ቤቱን ቋሚ መካሪ የሚተካ ሆኖ የተገመተ እንደ ሆነ ጉዳት ነው፤ ቋሚው መካሪ ሊደርስበት ያልቻለውን የሚሞላ ሲሆን ግን ጥቅም ነው። ስለዚህ መካሪዎች ይጨመሩ ብሎ ትምህርት ቤቱን መጠየቅን በዚህ ምክንያት አንተው።

ሆኖም የአጭር ጊዜ አገልግሎት ፍሬው ከዘመኑ ይረዝማል። ሊንደን ጆንሰን ገና ተማሪ ሳሉ በ1928 ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑትን ድኻ ልጆች አንድ የትምህርት ዘመን አስተማሩ። በማርች 1965 ስለ ምርጫ መብት ለአገሪቱ ምክር ቤት በተናገሩ ጊዜ እነዚያን ልጆች አነሡ፤ በዚያው ዓመት ነው የከፍተኛ ትምህርቱን ሕግ የፈረሙት። በአገራችንም ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወጡ፥ የሚበዙትም በመምህርነት፥ ያገለግሉ ነበር። ከአዲስ አበባ ያልወጣ ወጣት የገጠሩን ተማሪ አየ፤ የገጠሩም ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው እንደ እርሱ ሰው መሆኑን አየ። እንግዲህ ለእኛ ይህ ነገር ከባዕድ የተገኘ አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምለው ሁሉም ይሂድ ወይም ማንም አይሂድ አይደለም። አስቀድሞ አራት ነገር ይጠየቅ ነው የምለው።

መጀመሪያ፥ አበሉ በዚያ ከተማ ለመኖር ይበቃል ወይ? የጤና መድንስ አለው ወይ? ከወላጆቹ ጋራ መኖር ለሚችል ልጅ የሚበቃው፥ ቤት ለሚከራየው አይበቃውም። ሁለተኛ፥ ስለ ብድሩ ምን ይሆናል? ማኅበሩ በአሜሪኮር ሥር የሆነ እንደ ሆነ 1,700 ሰዓት ያገለገለ ሰው የትምህርት ሽልማት ያገኛል፤ ልኩም ከፔል ግራንት ከፍተኛ መጠን ጋራ ይስተካከላል። ይህ ገንዘብ ለተማሪ ብድር ወይም ለተጨማሪ ትምህርት ይውላል እንጂ ወደ ኪስ አይገባም። ከዚህም በቀር በ2007 በወጣው ሕግ በመንግሥት ወይም ትርፍ በማይሻ ማኅበር እየሠራ 120 ጊዜ ብድሩን በደንቡ የከፈለ ሰው የቀረው ይማርለታል፤ የአገልግሎቱ ወራት ከዚህ መቈጠር አለመቈጠራቸውን በጽሑፍ ያስረግጥ። ሦስተኛ፥ ማኅበሩ ገንዘቡን ከየት ያገኛል? በኤፕሪል 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአሜሪኮር ድጋፍ ሲሰርዝ ብዙ አገልጋዮች በዘመኑ መካከል ሥራቸውን አጥተዋል። አራተኛ፥ ማን ያሠለጥነዋል? ከሁለት ዓመት በኋላስ ምን ሙያ ይዞ ይወጣል? በደንብ የተመራ ወጣት ሰውን ማዳመጥ፥ ሒሳብና ቀጠሮ መጠበቅ፥ በሸንጎ ፊት መናገር ተምሮ ይወጣል፤ ይህም በማናቸውም ሥራ ይፈለጋል። ያልተመራ ግን ደክሞ ብቻ ይወጣል።

መልሱ ደኅና የሆነ እንደ ሆነ፥ እናንተ ወላጆች፥ ልጃችሁን በምርቃት ልቀቁት። ሁለት ዓመት በአርባ ዓመት የሥራ ዘመን ውስጥ ጥቂት ነው። መልሱ ደኅና ካልሆነ ግን፥ አንተ ወጣት፥ ደመወዝ ያለውን ሥራ ብትይዝ ማንም አይወቅስህ፤ ዕዳህንም በሌላ መንገድ ክፈለው። ይህ አዳራሽ እሑድ ከቀትር በኋላ ክፍት ነው። ቅጹ በሚከፈትበት ወራት በወር ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ የአንዱን ጎረቤት ልጅ ፋፍሳ ብታስሞላ፥ በጸደይም ደብዳቤውን አብረህ ብታነብለት፥ በክረምትም አንድ ጊዜ ስልክ ደውለህ ክትባትህን አስገባህ ወይ ብለህ ብትጠይቀው ታላቅ ነገር አደረግህለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለታናናሾች ልናገር። መንገዱን አለማወቅ ነውር አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው በአጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ጉዳት ነው። ያልገባችሁን ወረቀት ሸሽጋችሁ አታስቀምጡ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ከተመራቂዎቹ አንዱን ያዙና የምትጠይቁትን ጠይቁ።