ማስታወቂያው ለማን ተጻፈ?

(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲበላሽ ወይም ሲለወጥ ለሕዝብ ስለሚወጣው ማስታወቂያ ነው። ነገሩ የቋንቋ ጌጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን እንደዚያ አናየውም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው ፋይል ስሕተት ነበረበትና፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ሥራ አቆሙ። በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራ ተሰናከለ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ አነሣው። በዚያው ቀን ኀላፊው ያወጡት መግለጫ ጉድለቱ በአንድ «ኮንቴንት አፕዴት» መገኘቱን፣ የተነኩት «የዊንዶውስ ሆስቶች» መሆናቸውን፣ የጠላት ጥቃት አለመሆኑንና ማስተካከያው መሠራጨቱን ይገልጽ ነበር።

ሐሰት የለበትም። «ሆስት» በመዝገበ ቃላት እንግዳ ተቀባይ፣ በባለሙያዎች ዘንድ ግን ኮምፒዩተር ነው፤ ይኸ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው «ማስተካከያው ተሠራጭቷል» የሚለው ነው። የሰማው ሁሉ ማሽኑ በራሱ ይነሣልኛል ብሎ መጠበቁ አይቀርም። የወደቀው ኮምፒዩተር ግን ገና ሲነሣ መልሶ ስለሚወድቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያውን የሚቀበልበት ፋታ አልነበረውም። ባለሙያ ከየማሽኑ ዘንድ ሄዶ፣ በ«ሴፍ ሞድ» አስነሥቶ፣ ያንን ፋይል በእጁ መደምሰስ ነበረበት። መግለጫው ደንበኞች ዝርዝሩን ከኩባንያው የእርዳታ ገጽ እንዲያነቡ ይመራ ነበር። ነገር ግን በአውሮፕላን ጣቢያ መስኮት ላይ ለተቀመጠው ሠራተኛ «የቆመው ኮምፒዩተር በራሱ አይነሣም፤ ባለሙያ ጥራ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበልጥበት ነበር።

የሙያ ቃል ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ለጠጋኙ «አንድ ፋይል ደምስስ» ብንለው ምን ይረባዋል? የፋይሉን ቁጥር፣ 291ን፣ ማወቅ አለበት። ክርክራችን ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ይኸውም ማን እንደ ተጎዳና ምን ማድረግ እንዳለበት ይቅደም፣ የባለሙያው ክፍል ከሥር ይከተል ነው።

ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ባለፈው ምዝገባ ጊዜ በግድግዳችን ላይ «ሲስተሙ በማይግሬሽን ምክንያት ዳውን ስለሚሆን ካሽ ክሊር አድርጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይተናል። «ካሽ» ሲባል ጥሬ ገንዘብ የመሰላቸው አዲስ ገቢዎች ስንት እንደሚከፈል ለመጠየቅ ሒሳብ ክፍል ተሰለፉ! ፈረደባቸው እንዴ? ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ገጽ አጥፉ ማለት እንደ ሆነ የነገራቸው የለም። በዚህ መካከል የምዝገባው ቀን ያለፈባቸውና መቀጫ የከፈሉ አሉ።

ስለዚህ ይኸን ለስብሰባው እናቀርባለን። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ለአንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ይነበብለትና የገባውን በራሱ ቃል ይንገረን፤ ካልገባው ተመልሶ ይጻፍ። ከኮምፒዩተር ክፍል ሁለት፣ ከቋንቋ ክፍል ሁለት ፈቃደኞች ያስፈልጉናል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።