ማዳበሪያ ሳይሆን የሚቀረው ጥራጊ



«ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ዛሬ ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንዱ መሬትን የሚያፋፋው ነገር ሲሆን፥ ሁለተኛው ያ ነገር ተሞልቶ የመጣበት ከረጢት ነው። በአዲስ አበባ የቤት ጥራጊ የሚጠራቀመው በዚሁ ከረጢት ነው። የሽንኩርቱ ልጣጭ፥ የጎመኑ አገዳ፥ የቡናው አተላና የጫቱ ገራባ ከፌስታልና ከጠርሙስ ስባሪ ጋር ተደባልቆ በማዳበሪያ ይወጣል፤ ነገር ግን ማዳበሪያ ሳይሆን ይቀራል።

ይህ ድብልቅ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በረጲ፥ ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው ስፍራ ሲደፋ ኖሮ ተራራ አከለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ተራራው ተናደና ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

የሚበሰብስ ነገር አየር አጥቶ በጅምላ ሲከመር፥ ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ወንዙንና የከርሰ ምድሩን ውሃ ይበክላል። የሚፈልቀው ሜቴን የተባለ ጋዝም፥ በ100 ዓመት ሲሰላ፥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ዓለምን ያሞቃል። ይኸው መበስበስ ግን ሥርዓት ከተበጀለት ሀብት ነው። አንደኛው መንገድ አየር እየሰጡ ማበስበስ ነው። እርጥቡን ልጣጭ ከደረቅ ገለባና ቅጠል ጋር እያነባበሩ መከመር፥ እርጥበቱን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ማቆየት፥ በየጊዜውም ማገላበጥ ያስፈልጋል። በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀን ውስጥ ከ55 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እጅ ሲያስገቡበት ይፋጃል። ግለቱም የአረሙን ዘርና የበሽታውን ተሐዋስያን ይገድላል። ሁለተኛው መንገድ አየር በማይገባው ጕድጓድ ማብላላት ነው፤ ሜቴኑ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፥ የተረፈው ዝቃጭ ለማሳ ይሆናል።

የኢትዮጵያ መንግሥት ለሁለቱም ደክሟል። በ1988 ዓ.ም. እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ እርሻ ቢሮ ጋር በጀመሩት ሥራ፥ በብስባሽ የለማ ማሳ ካልዳበረው እጅግ የበለጠ፥ ብዙ ጊዜም በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው የማያንስ ምርት ሰጠ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ተነሣ። በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያ ሊሠራ አስቦ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ሠራ። ሲሚንቶ ጠፋ፤ «ከእበቱ እኩል ውሃ ጨምሪ» መባልም ከሩቅ ለምትቀዳ ሴት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ቢሆንም የተሠራው የሚናቅ አይደለም።

ታዲያ በገጠር የተቻለው በከተማ ስለ ምን ዘገየ? እበት ከፌስታል ጋር ተደባልቆ አይመጣም፤ አዛባ የምትዝቅ ልጅ ጠርሙስ አታገኝበትም። የከተማው ጥራጊ ግን፥ አብዛኛው የሚበሰብስ ሆኖ ሳለ፥ ገና ከጓዳ ሳይወጣ ይበላሻል። ስባሪ ያለበትን ብስባሽ ገበሬ አይገዛም፤ ፕላስቲክ የገባበት ማብላያም ይታፈናል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ የተመረቀው ማቃጠያ ጥራጊን ወደ መብራት ኃይል ለመለወጥ የታሰበ ነው፤ ዳሩ ግን ውሃ የጠጣ ልጣጭ ለእሳት ምን ይመቻል?

አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ የሚጠቅመውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዛል። አዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን የጥራጊው ክፍያ ከውሃ ሒሳብ ጋር ሲታሰብ ስለ ኖረ፥ ለይቶ የሚያወጣውም ደባልቆ የሚያወጣውም በጥራጊው ምክንያት የሚቀንስለት ወይም የሚጨመርበት ሳንቲም አልነበረም። ደቡብ ኮሪያ በዚህ በኩል ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትራፊን በቀጥታ መቅበር ከለከለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቤተ ሰቡ በጣለው ትራፊ መጠን እንዲከፍል አደረገች። ዛሬ ከትራፊው የሚበዛው የከብት መኖ፥ ብስባሽና ጋዝ ይሆናል። እዚያ የተለወጠው አስቀድሞ የእመቤቲቱ ባልዲ ነው፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ የሚሠራበትን አገኘ።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ ስለ ተጀመረ፥ ትምህርት ቤቱም ማድቤት አለው፤ ልጣጩም ከዚያው አለ። ይህ ልጣጭ ገና ከማንም ጥራጊ ጋር አልተደባለቀም። ሁለት በርሜል፥ አንድ አካፋና ጥቂት ደረቅ ሣር ለመጀመሪያ ይበቃዋል። ተማሪው ስለ ተሐዋስያን በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈለትን በክምሩ ግለት በእጁ ያውቀዋል። ሦስት ወይም አራት ወር ሲሞላው ብስባሹ ይጠቁራል፥ ሽታውም የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይሆናል።