ዕጣ የታከለበት መድኃኒት

የጤና ሳይንስ ተማሪ ባዮስታቲስቲክስ ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። «ሐኪም ልሆን እንጂ ሒሳብ ላስተምር መች መጣሁ?» ይላል። እኔ ባስተምር ከቀመሩ አልጀምርም፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ብሪታንያ ውስጥ ከታተመ አንድ ጥናት እጀምር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል አዲስ መድኃኒት ነበር፤ ለሁሉም ግን አይዳረስም። ማን ይውሰድ? ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ምርጫውን ከሐኪሞቹ እጅ አውጥቶ ለዕጣ ሰጠው፤ ዕጣውም በታሸገ ፖስታ። ጭካኔ ይመስላል። ሐኪሙ ቢመርጥ ግን ያሳዘነውን ወይም ይድናል ያለውን ያስቀድማል፤ ያኔ ውጤቱ የመድኃኒቱ ይሁን የምርጫው ማን ይለየዋል?

በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሕሙማን 4 ሞቱ፤ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ደግሞ 14። መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም። ተማሪ የሚሸሸው ፒ ቫልዩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር መድኃኒቱን ከወሰዱትም ከግማሽ በላይ ሞተው ተገኙ። ተህዋሱ መድኃኒቱን ተላምዶት ነበር። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መድኃኒት አጣምሮ የሚውጠው ለዚህ ነው።